የጎመን ምንቸትና የእናቶቻችን ጓሮ

(በታሪክ ክበብ አባሎች የተጻፈ)

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ የዓመት መጽሐፍ እንዲዘጋጅ በተወሰነ ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ስለ ምን ብንጽፍ ይሻላል በማለት ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን ስለ ዋግ ሹሞች ይጻፍ ያሉ ነበሩ፤ ከቋጥኝ ስለ ተፈለፈለው ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ስለ ጦርነትና ስለ ጀግንነት መጻፍ የወደዱም አልጠፉም። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ብዙ ሰዎችም ጽፈውበታል። በመጨረሻ ግን አንዱ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ ታዲያ ስለ ጎመን ማን ይጻፍ ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ስለ ምን እንደ ሳቅን ራሳችንን ጠየቅን፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተገኘ ነው።

የሳቅንበትን ምክንያት መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን እውነቱን ብንጽፈው ይሻላል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ከገጠር ስንቅ ይዘው እየመጡ በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ወጡ ጎመን የሆነበት ተማሪ ምሳውን በክዳኑ ከልሎ ሲበላ አይተናል፤ እኛም ራሳችን ከልለን በልተናል። ጎመን የድሃ ምግብ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሳናውቀው በውስጣችን አድሮ ኖሯል። «ጎመን በጤና» እያልን በአፋችን እናመሰግነዋለን፤ በልባችን ግን እናፍርበታለን።

ደግሞም በአገራችን ዘመን ሲለወጥና መስቀል ሲደርስ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። የዚህ አባባል ምሥጢሩ የታወቀ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ቤተሰቡ በጎመን ይከርማል። መስከረም ሲጠባ እሸት ይደርሳል፤ ገንፎም ይገነፋል፤ ያን ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃ ሳይወርድ የከረመው የጎመን ምንቸት እንደ ክፉ እንግዳ ይባረራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው፣ ያ ምንቸት ባይኖር ኖሮ ገንፎውን ለመብላት ማን ይደርስ ነበር የሚለውን ነው። የታሪክ መጻሕፍት ስለ እርሻው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ርስቱና ስለ ዘመቻው ብዙ ይነግሩናል፤ ከቤት በስተኋላ ስላለችው ትንሽ ቦታ ግን ጥቂት ነገር ብቻ ይናገራሉ። እንግዲህ አሳባችን ለዚህች ቦታ የሚገባትን ያህል መመስከር ነው።

፩. ጓሮውና አገሩ

ጋዝጊብላ ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዱ ሲሆን ከሰቆጣ በስተደቡብ ይገኛል፤ ዋና ከተማውም አስከተማ ነው። አገሩ ተራራና ሸለቆ የበዛበት፣ ድንጋዩ ከዐፈሩ የሚበልጥበት ነው። ዝናቡ አጭር ሲሆን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ ዘግይቶ የጀመረ ወይም ቸኩሎ ያቆመ እንደ ሆነ የዓመቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። በዚህ አገር ለሚኖር ገበሬ የሰማዩ ጠባይ የታመነ ወዳጅ አይደለም።

ሕዝቡ ኽምጣኛና አማርኛ የሚናገር የጥንት አራሽ ሕዝብ ነው። የዛጉዬ ነገሥታት የተነሡት ከጎረቤታችን ከላስታ፣ ከአገው ወገን መሆኑ የታወቀ ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም የሰሜን ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ብዙ የእርሻ ቃላትን ከአገው ቋንቋዎች እንደ ወረሱ ያስረዳሉ። ይህም የሚያመለክተው የእርሻ ጥበብ በዚህ ደጋ ላይ እጅግ የቆየ መሆኑን ነው። የአክሱም ሐውልት ከመቆሙ በፊትም በዚህ ምድር መሬት ይቆፈር፣ ዘርም ይዘራ ነበር።

ጓሮ ከእርሻ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ቤት አጠገብ በመሆኑ የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል። በአገራችን እንጨት ስላነሰ እበቱ ኩበት እየሆነ ይነድዳል፤ ወደ ሩቁ እርሻ የሚደርሰው ፍግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጓሮው ትንሽ ቢሆንም ከርስቱ ሁሉ ዐፈሩ የወፈረ ነው። ሁለተኛ፣ ጓሮ በሬ አይጠይቅም፤ ዶማና ብርቱ ክንድ ካለ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ እርሻው በአባት ስም ሲጠራ ጓሮው በአብዛኛው የእናት ነው። ምን እንደሚዘራ የምትወስነው፣ የምትኮተኩተው፣ ዘሩን መርጣ የምታስቀምጠውም እርሷ ናት። ታሪኩ ሳይጻፍ የቀረበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጸሓፊዎቹ የሚጠይቁት ባላባቱን ነበርና።

፪. አትክልቱ ከየት መጣ

በጓሮ የምናየው አትክልት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለን ነበር፤ መርምረን ስናየው ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ የአገር ልጅ ነው፤ ሌላው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

ከአገር ልጆች ፊተኛው ራሱ የሐበሻ ጎመን ነው። እ. ኤ. አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ ሊቅ በጃፓን ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህ ጎመን ከሁለት ዘመዶቹ መዳቀል የተገኘ ነው፤ አንዱ ሰናፍጭ ሲሆን ሁለተኛው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። የተገኘበትም ስፍራ የእኛው የኢትዮጵያ አካባቢ ነው። ቅጠሉ ለወጥ ይሆናል፤ ዘሩ ማለት ጎመን ዘር ደግሞ ምጣድ ይታሰስበታል። አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ምጣድ የምታስስበት የዚህ ጎመን ዘር ዘይት በጥቅምት ወር 2005 ዓ. ም. በካናዳ አገር ያለ ሌላ ነዳጅ ቅልቅል የጄት አውሮፕላን አብርሯል ብንልህ ታምናለህን? ነገሩ ግን እውነት ነው። ከክዳን በታች ሸፍነን የበላነው ጎመን በሌላው ዓለም የሊቃውንት ምርምር ሆኗል።

ኑግም የአገራችን ነው። ዘይቱ የእኛ ምግብ ሲሆን፣ ፍሬው በአውሮፓና በአሜሪካ ለወፎች መኖ ይሸጣል። በዚያ አገር ያሉ ሰዎች በቤታቸው መስኮት አጠገብ እየሰቀሉ በራሪ ወፎችን ይመግቡበታል። ቅል ደግሞ መነሻው አፍሪካ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ውሃ መያዣ፣ ወተት መናጫና የዘር ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሏል። ጌሾ፣ ኮሰረትና ዳማ ከሴም እንዲሁ ከደጋ ጓሮ አይጠፉም። ጤና አዳም፣ በሶብላና አሪቲም ከአጥር ሥር ቦታቸውን ይዘው ይኖራሉ።

ባሕር ተሻግረው የመጡትን አንዳንድ ጊዜ ስማቸው ያጋልጣቸዋል። በቆሎን አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። በቆሎ፣ በርበሬ፣ ዱባና ድንች ሁሉ የአሜሪካ ምድር ልጆች ናቸው፤ ኮሎምበስ እ. ኤ. አ. በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በኢትዮጵያ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ ዐፄ ላሊበላ ቀይ ወጥ በበርበሬ እንዳልበሉ በእርግጥ መናገር እንችላለን። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደ ሆነ፣ ዘመኑም እ. ኤ. አ. 1858 እንደ ነበረ በመጻሕፍት ተመዝግቧል። ይህ ሰው እ. ኤ. አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይና በስሜን ሲኖር ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ1878 በዓድዋ ሞተ። ካሮት፣ ቲማቲምና ሰላጣ ደግሞ ከአውሮፓ ስማቸውን እንደ ያዙ ወደ እኛ የገቡ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እናቶቻችን ያልተማሩ ናቸው እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን ከማያውቁት አገር የመጣን ዘር ተቀብለው፣ በጓሮ ጥግ ሞክረው፣ የሚስማማውን ከማይስማማው ለይተው ለመላው አገር ያዳረሱት እነርሱ ናቸው። ዛሬ በርበሬ የሌለበት የኢትዮጵያ ማጀት ማሰብ አይቻልም። ይህን የመሰለ ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ምርምር ይባል ነበር።

፫. አራቱ ወቅቶች በጓሮ

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለው ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ጸደይ ብለውታል። ጓሮም በእነዚህ ወቅቶች ሥራዋ ይለዋወጣል። ከእናቶቻችን የሰማነውንና ራሳችንም የሠራነውን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ይህ የመዘጋጃ ጊዜ ነው። መሬቱ በዶማ ይገለበጣል፤ የከረመው ፍግና አመድ ይበተንበታል፤ የድንጋዩ ካብ ይጠገናል። ግንቦት ሲገባ የጎመኑ ዘር በትንሽ መደብ ላይ ይፈስስና እየተጠጣ ይበቅላል፤ ዝናቡ ሲጥል ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል። ይህን ጊዜ ያሳለፈ ሰው በነሐሴ ጎመን የለውም።

ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ጎመኑ ከሥር ከሥሩ ይቀነጠሳል፤ ላዩ ሳይነካ ያድጋልና አንድ እግር ጎመን ለብዙ ሳምንት ይመግባል። ዱባው በአጥሩ ላይ ይሳባል፤ ድንቹ ይታቀፋል፤ ጎርፍ እንዳይወስደው ቦይ ይቀደዳል። እርሻው ገና አረንጓዴ ሆኖ የሚበላ ፍሬ ሳይሰጥ፣ ጓሮው ግን በየማታው ለምንቸቱ አንዳች ነገር ይሰጣል። ከአሮጌው እህል እስከ አዲሱ እህል ያለውን ድልድይ የሠራችው ጓሮ ናት ማለታችን ስለዚህ ነው።

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል እስከ ኅዳር 5 ድረስ ያለው በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ የአበባ ዘመን ማለት ነው። በእውነትም ምድር ሁሉ አበባ ይሆናል። አደይ አበባ በየዳገቱና በየአጥሩ ሥር ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ኑጉም ያብባል፤ ለዘር የተተወው ጎመንም ቢጫ አበባ ያወጣል። ንብ ሥራዋ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ የዋግም ማር በገበያ ስሙ የታወቀ ነው። የዚህ ማር መነሻው የዱር አበባው፣ የእርሻ ድንበሩና የጓሮው አበባ ነው። ስለዚህ ጎመኗን ሁሉ ሳትነቅል ጥቂቱን ለዘር የምትተው እናት ለራሷ ዘር ስታገኝ ለንቧ ደግሞ ቀለብ ትሰጣለች።

በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። በደጋው ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐዩ ይከርራል። ጓሮው ይጠወልጋል እንጂ ፈጽሞ አይሞትም። የዕቃ እጣቢ ውሃ ለጥቂት ጎመንና ለጤና አዳሙ ይደፋል፤ ምንጭ አጠገብ ያለ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ድንች በመስኖ ያለማል። በዚህ ደረቅ ወራት እሬት በገደሉና በካቡ ላይ ቀይ አበባውን ያወጣል። ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ ወፍ ምንቃሯን እንደ መርፌ አሹላ ከአበባው ወለላ ስትቀስም እናያለን። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና የመዳብ መልክ ይሆናል፤ ጅራቱም ረጅም ነው።

ይህችን ወፍ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በወንጭፍ ስናሳድዳት ኖረናል። ለዚህ ጽሑፍ ስናነብ ግን በሳይንስ የተሰጣት ስም የእኛው የተከዜ ወንዝ ስም መሆኑን አወቅን። የእንግሊዙ መንገደኛ ሄንሪ ሶልት ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው እ. ኤ. አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በዚህ ስም ተመዝግባለች፤ እስከ ዛሬም በዓለም ሁሉ ያሉ የወፍ ሊቃውንት የተከዜ ወፍ ብለው ይጠሯታል። ስማችንን ተሸክማ በመጽሐፍ የምትኖረውን ወፍ እኛ በድንጋይ ማባረራችን ትክክል አለመሆኑን ተረድተናል። ወፍ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ድንቢጥ እህል ብትለቅምም ትልም ትለቅማለች። ጃርትና ፍልፈል ግን ድንችና ሥራ ሥር ስለሚያጠፉ፣ ከእነርሱ ጋር ያለን ጉዳይ እስካሁን አልተቋጨም።

፬. ክፉ ቀንና የዘር ቅል

አሁን ወደ መራሩ ክፍል እንመለሳለን። ዋግና ላስታ በታሪክ ብዙ ረኃብ አይተዋል። ከሁሉ የከፋው ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. የነበረው ክፉ ቀን የተባለው ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣ የከብት በሽታ በመላው አገር በሬውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ እርሻ ጦም አደረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፏል። ይህን ስናነብ አንድ ነገር አስተዋልን። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ የጭንቅ ቀን ለሕዝቡ ያሳዩት ሥራ በየጓሮው ያሉ ሴቶች ሁልጊዜ የሚሠሩት የዶማ ሥራ ነበር።

ከዚያም በኋላ በ1958 ዓ. ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ እንደገና በ1965 እና በ1966 ዓ. ም.፣ በመጨረሻም በ1977 ዓ. ም. ረኃብ ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ ተሰደደ፤ በሰፈራ ስም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብና ምዕራብ አገሮች የተወሰደው ሰው ቍጥር 600,000 ያህል ነበር። በዚህ ጊዜ ጓሮ ሕዝቡን አዳነች ብንል ውሸት ይሆናል። ዝናብ ለዓመታት ሲጠፋ ምንጩ ይነጥፋል፤ ጓሮም ይደርቃል። ጓሮ የሁለትና የሦስት ወር ችግር ታሻግራለች እንጂ የሁለት ዓመት ድርቅ አታሻግርም። ይህን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

ነገር ግን ከረኃቡ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ። እናቶቻችን ዘራቸውን በቅል አድርገው፣ አመድ ነስንሰው፣ ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል፤ ጢሱ ነቀዝ አያስቀርብምና። በክፉ ቀን ያ ቅል ይወርዳል። ለዘር የተቀመጠው ይቆላል፤ ወይም ቤተሰቡ ተሰድዶ ቅሉ ባዶ ቤት ውስጥ ይቀራል። ዝናቡ ሲመለስ ሰው ይመለሳል፤ ያ ዘር ግን አይመለስም። ለዚያ መንደር፣ ለዚያ ዐፈርና ለዚያ ውርጭ በብዙ ትውልድ የተመረጠው ዘር አንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል። የጠየቅናቸው አንዲት አያት፣ በልጅነታቸው የሚያውቁት ቅጠሉ ሰፊ የሆነ ጎመን ከ1977 ወዲህ በመንደራቸው ዳግመኛ እንዳልታየ ነግረውናል።

የዘር ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ያስረዳል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1919 ዓ. ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደርና አክሱም በበቅሎ ተጓዘ፤ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያን የሰው ልጅ የሚመገባቸው ዕፅዋት ከተገኙባቸው ጥቂት የዓለም ማዕከሎች አንዷ ናት ብሎ መሰከረ። በኋላ በአገሩ መንግሥት ታሰረና ጥር 1935 ዓ. ም. በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ለዓለም ምግብ ሲል ዘር የሰበሰበ ሰው በረኃብ መሞቱ ያሳዝናል። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ሳለች፣ በእርሱ ተቋም ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት የእህሉን ዘር አንበላም ብለው በዘሩ አጠገብ በረኃብ ሞተዋል።

በአገራችንም የዘር ባንክ እ. ኤ. አ. በ1976 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ማዕከል በመሩበት ዘመን፣ ሠራተኞቹ ድርቅ በመታው አገር እየዞሩ የገበሬው ዘር ተበልቶ ሳያልቅ ሰበሰቡ፤ በኋላም ለገበሬው እየመለሱ በየማሳው እንዲጠበቅ አደረጉ። ስለዚህ ሥራቸው እ. ኤ. አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዶክተሩ ያስተማሩት ዋና ነገር የኢትዮጵያ ገበሬ ራሱ የዘር ሊቅ መሆኑን ነው።

፭. የሰቆጣ ስም በዓለም ፊት

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአገራችን ስም በሌላ መልክ ተነሣ። በሐምሌ ወር 2007 ዓ. ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ ይፋ አደረገ። የቃል ኪዳኑ ግብ እ. ኤ. አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። መቀንጨር ማለት ሕፃን በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመቱም አእምሮውም በሚገባው መጠን ሳያድግ መቅረቱ ነው። ሥራው በመጀመሪያ በአማራና በትግራይ በሚገኙ 40 ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ. ኤ. አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 46ቱ። እንግዲህ በአንድ ክፍል ከምንቀመጥ ተማሪዎች መካከል ስንቶቻችን በሕፃንነታችን ከዚህ ቍጥር ውስጥ እንደ ነበርን ማሰብ ይቻላል።

መድኃኒቱን የጠየቀ ሰው ከሐኪሙም ከግብርና ሠራተኛውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰማል፤ እንጀራ ብቻውን አይበቃም፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ፍራፍሬና አረንጓዴ ቅጠል ይጨመርበት ይላሉ። ጎመን፣ ዱባና ካሮት ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አላቸው፤ ይህ ሲጎድል ዳፍንት የተባለው በማታ የማያሳይ የዓይን ሕመም ይመጣል። ስለዚህ የጓሮ አትክልት ከቃል ኪዳኑ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። አስተውሉ፤ በመስከረም ውጣ እየተባለ የሚባረረው የጎመን ምንቸት ግባ ተብሎ ተጠራ። የጠራውም ስም የሰቆጣ ስም ነው። እኛ ይህን ስናነብ ደስታና ኀፍረት ተደባልቆ ተሰማን።

፮. ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ሐተታ በኋላ የምንለው አጭር ነው። ጓሮ የታሪክ ስፍራ ናት። ከባሕር ማዶ የመጣው ዘር የተለመደው በእርሷ ነው፤ የአገሩ ዘር የተጠበቀው በእርሷ ነው፤ የክረምቱ ረኃብ የታለፈው በእርሷ ነው። ይህን የሠሩት ስማቸው በየትኛውም ዜና መዋዕል ያልተጻፈ እናቶች ናቸው።

ስለዚህ የክበባችን አባሎች በአንድ ቃል የተስማማንበትን እዚህ እንገልጻለን። ከትምህርት ቤታችን ክፍሎች በስተኋላ ድንጋይና እሾህ የሞላበት ባዶ ቦታ አለ። ይህን ቦታ በጸደይ ቆፍረን ጓሮ ልናደርገው ቃል ገብተናል። እያንዳንዳችን ከእናታችን ወይም ከአያታችን ቅል አንድ እፍኝ ዘር እናመጣለን፤ ዘሩ ከየት መንደር እንደ መጣ፣ ስሙ በኽምጣኛም በአማርኛም ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚዘራ በመዝገብ እንጽፋለን። እጃችንን የምንታጠብበትን ውሃ በቦይ ወደዚያ እንመራዋለን። ዳር ዳሩን ለአደይ አበባ፣ ለኑግና ለእሬት እንተወዋለን፤ ንቧና የተከዜዋ ወፍ ድርሻ አላቸውና። ወንጭፍ ይዞ የሚገባ አይኖርም። ከአዝመራው ከሦስት አንዱን ለዘር እናስቀምጣለን፤ ይህን ዘር በመንደሩ ዘር ለጠፋበት ሰው እንሰጣለን።

ይህ ትንሽ ሥራ ድርቅን አያስቀርም፤ እንደዚያ ብለን አንመካም። ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ከፍተው ሲያነቡ፣ መዝገቡን ገልጠው የአያቶቻቸውን ዘር ስም ቢያገኙ ድካማችን ከንቱ አልሆነም።

ደግሞም በሚመጣው መስከረም የጎመኑን ምንቸት ስናወጣ እንደ ልማዳችን ውጣ እንለዋለን፤ ልማድ ነውና አንሽረውም። ነገር ግን ሳንወረውር አጥበን፣ ከጓዳው ጥግ በክብር እናስቀምጠዋለን። በሐምሌ እንደገና እንፈልገዋለን። ምሳችንን ከልለን መብላት ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።